ኦክቶበር ላይ ጠይቀኝ

ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ ሐበሻ ቢገኝ እንኳ፣ ጋራዥ የሠራ ዘመድ አያጣም። እኔ እዚያው ቀርቼ የሺፍት አለቃ ሆኛለሁ። አለቃ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቁልፍ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠራው ሰው ማለት ነው።

ነገሩ ኦገስት 22 ቀን 2023፣ ማክሰኞ ጠዋት ይጀምራል። ቡናዬን ይዤ ሒሳብ መቀበያዋ ቡዝ ጋ ስደርስ ክርክሩ ጦፏል። ሰኞ ማታ የዋሽንግተኑ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮማንደርስ ባልቲሞር ሬቨንስን 29 ለ 28 አሸንፎ ነው ያደረው። ሳም ሃወል የሚባል የ22 ዓመት ኳርተርባክ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ተጫውቶ ከ25 ውርወራ 19ኙን አሳክቷል፣ 188 ያርድ፣ ሁለት ተችዳውን (በኛ ጎል እንደማለት ነው)።

የኛ ጥበቃ እዚሁ ዲሲ ተወልዶ ያረጀ ሰው ነው። ቡድኑ ስሙን ከቀየረ ዓመታት ቢያልፉም እሱ እስከ ዛሬ በድሮው ስም ነው የሚጠራው። የቡድኑ ኳርተርባክ የነበረው ዳግ ዊሊያምስ በ1988 የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ያሸነፈበትን ቀን ከልጆቹ ልደት ለይቶ አያይም። ያን ጠዋት ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። «ይሄ ነው! የጠበቅነው ልጅ ይሄ ነው!» ይላል። ካሸሩ ደግሞ የኛው አገር ሰው ነው፣ የባልቲሞር ደጋፊ። መናደድ ሲገባው ይስቃል።

«ፕሪሲዝን እኮ ነው» አለው፤ ከዋናው ሲዝን በፊት የሚደረግ የመሞከሪያ ጨዋታ ማለቱ ነው። «እኛ ከ2016 ጀምሮ 24 የፕሪሲዝን ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈን ነበር። ትናንት አቆማችሁት። ለ24ቱ ግን ማን ዋንጫ ሰጠን?»

ቀጥሎ ዲትሮይትን አመጣበት። በ2008 ዲትሮይት ላየንስ አራቱንም የፕሪሲዝን ጨዋታ አሸነፈ፣ ዋናው ሲዝን ሲመጣ 16 ገጥሞ 16ቱንም ተሸነፈ። ክሊቭላንድ በ2017 ያንኑ ደገመው፣ አራት ለዜሮ ጀምሮ ዜሮ ለ16 ጨረሰ። ጥበቃው ጆሮውን ደፈነ።

ለማታውቁት፣ ኳርተርባክ ማለት ጨዋታው ሁሉ ከእጁ የሚጀምር ሰው ነው። ኳሱን ይዞ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር ይወስናል። በዚያች ጊዜ ከመቶ ኪሎ በላይ የሆኑ ሰዎች መሬት ላይ ሊዘርሩት ይመጣሉ፤ ከፊቱ የቆሙ አምስት ግዙፎች ደግሞ ይከልሉታል። ፕሪሲዝን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዋና ተሰላፊዎቹ ቶሎ ይወጣሉ ወይ ጭራሽ አይገቡም። አሰልጣኞች ለዋናው ሲዝን ያዘጋጁትን ተንኮል ደብቀው ይይዛሉ። ሜዳ ላይ ከሚቀረው ሰው ግማሹ ከ90 ተጫዋች 53 ሲመረጥ እንዳይባረር የሚፍጨረጨር ነው። ይሄን ሁሉ ያኔም አውቅ ነበር። ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም።

ምክንያቱም በዚያው ሰሞን እኔም የራሴ ሳም ሃወል ነበረኝ።

ጁላይ መጨረሻ ላይ አንድ የኛ ልጅ ተቀጠረ። «ጋሼ» ነው የሚለኝ። መኪና አነዳዱ ያስቀናል፤ ትልቅ ሰበርባን በሁለት ምሰሶ መሃል ወደ ኋላ አንዴ ብቻ ብሎ ሲያስገባ ቆሜ አይቻለሁ። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ትዝታው ነው። እኛ ጋ ቲኬት ሦስት ቦታ ይቀደዳል፦ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ መስታወት ላይ፣ አንዱ ከቁልፉ ጋር። ቁልፉ ላይ ያለው ቁራጭ ላይ መኪናው የቆመበት ረድፍ መጻፍ አለበት። ልጁ አይጽፍም። ባለቤቱ ከሊፍት ሲወጣ ፊቱን አይቶ ብቻ ቁልፉን አንስቶ ይሮጣል። እኔም «ተው ጻፍ» ማለት ሲገባኝ ለካሸሩ «አየኸው?» እያልኩ አስደንቅ ነበር።

ኦገስት ነዋ! ዲሲ በኦገስት ባዶ ናት። ኮንግረስ ዕረፍት ይወጣል፣ ጠበቃውም ሎቢስቱም ባሕር ዳር ይሄዳል። ታችኛው ፎቅ ላይ ሠላሳ መኪና ቢኖር ነው። ሠላሳ መኪና ማን አያስታውስም?

ማናጀሩ ጠራኝ። ከሌበር ዴይ፣ ከሴፕቴምበሩ የሠራተኞች በዓል፣ በኋላ ታች ሁለት ሰው ላድርግ ወይስ አንድ ይበቃል አለኝ። ሰዓት መቀነስ ፈልጓል፣ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «ይሄ ልጅ ብቻውን ይወጣዋል» አልኩ። ሰው ሳልጠየቅ ሳመሰግን እንዲህ ነኝ፣ መጠን አላውቅም።

ሴፕቴምበር 5፣ ማክሰኞ። እንቁጣጣሽ ልክ ሳምንት ቀርቶታል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ከመግቢያው አልፎ መንገድ ዘጋ። ዘጠና፣ መቶ፣ ከዚያም በላይ። ቦታ ሲጠፋ መኪና ከመኪና ኋላ አራት አምስት ደርበን ነው የምናቆመው፤ የውስጠኛውን ለማውጣት የፊቶቹን ቁልፎች በሙሉ ማግኘት አለብህ። ልጁ ይሮጣል፣ ያቆማል፣ ቁልፍ ይሰቅላል፣ ይሮጣል። አይጽፍም። መጻፊያ ጊዜም የለው። እኔ ላይ ቤት ነኝ።

ማታ 11 ሰዓት ላይ አንዲት ሴትዮ ከዳለስ ኤርፖርት የምትነሳበት በረራ አለባት። የመኪናዋን ቲኬት ሰጠች። ቁልፉ መንጠቆው ላይ የለም። ያለው የሌላ ሰው ቁልፍ ነው። ልጁ ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። ስደርስ ሸሚዙ በላብ ርሶ በቁልፍ ክምር መሃል ቆሟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። መኪናዋን ያገኘነው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው፣ ከአራት መኪና ኋላ። እሷ ያኔ በታክሲ ሄዳለች። ሌሎቹን ለማንሳት ስንጣደፍ ደግሞ የአንዱን ባምፐር ምሰሶ ላይ አሸነው። አሸነው ልበል እንጂ እጁ የኔ ነበር።

በማግስቱ ማናጀሩ «የላክልኝ ጎበዝ ይሄ ነው?» አለኝ። ሊያባርረው ፈልጓል። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። «ልጅ ነው፣ ይማራል» ብዬ አጉረመረምኩና ወጣሁ። ሁለተኛውን ሰው ያስቀረው ማን እንደሆነ አልተናገርኩም። ልጁ ቆየ፣ ግን ማስጠንቀቂያ ፈርሞ ነው። ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደዚያው ብቻውን ሠራ፣ «ጋሼ» ማለቱንም ቀነስ አደረገ።

ሴፕቴምበር 24 እሑድ ኮማንደርስ ከቡፋሎ ጋር ገጠመ። 37 ለ 3። ሃወልን ዘጠኝ ጊዜ ከነኳሱ መሬት ላይ ጣሉት፣ አራት ኳስ ነጠቁት። ሰኞ ጠዋት ጥበቃው ዝም ብሏል። ካሸሩ በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይወዳል፤ «ኳሱን አቅፎ ይቆማላ! ኦገስት ላይ ርጋታ ስትሉለት የነበረው ነገር እኮ ነው» አለ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየውና በቀስታ «እሺ፣ ያቅፍ። ከፊቱ ማን ቆሞለት ነበር?» አለ።

እኔን ያየ መሰለኝ። አላየኝም፣ ስለ ጨዋታው ነው የሚያወራው። ቡናዬ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። ሃወል በዚያ ዓመት 65 ጊዜ ተጣለ፣ 21 ኳስ አስነጠቀ፣ በሁለቱም ከሊጉ አንደኛ፤ ቡድኑ 4 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ጥፋቱ የሃወል ነው ወይስ ከፊቱ የሚከልሉት ሰዎች እያሉ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። የኛም ልጅ መጻፍ ነበረበት። እኔ ደግሞ አለመጻፉን አይቼ ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ፣ ከፊቱ የሚቆመውን ሰውም ያስነሳሁት እኔው።

ያኑ ዕለት ማናጀሩ ቢሮ ገባሁና ነገርኩት። ደስ አላለውም፤ ሰዓት መጨመር ሊኖርበት ነው። ከብዙ ንትርክ በኋላ ለጠዋትና ለማታ ግርግር ብቻ ሁለተኛ ሰው ፈቀደ። ለልጁም ነገርኩት። «አውቅ ነበር ጋሼ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ረድፍ መጻፍ ጀመረ። ቀርፋፋ ሆነ፣ የሚያስደንቅ ነገርም ጠፋበት። ቁልፍ ግን አልጠፋበትም። በ2024 ማርች ኮማንደርስ ሃወልን ለሲያትል አሳልፎ ሰጠው። የኛም ልጅ በዚያው ጸደይ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሄደ፤ አሁን ሲያልፍ ክላክስ አድርጎልኝ ነው የሚያልፈው።

ኦገስት ተመልሶ መጣ። ይሄኔ ልጁ ጄደን ዳንኤልስ ነው፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት ሁለተኛ የተመረጠው። ከጄትስ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ፕሪሲዝን ጨዋታ ከአሰልጣኞቹ የተሰጠውን የጨዋታ ዕቅድ ሜዳ ላይ ራሱ ቀይሮ 42 ያርድ ወረወረ፣ ከዚያ ራሱ ሮጦ ተችዳውን አስቆጠረና ወጥቶ ተቀመጠ። ሦስት ኳስ ብቻ ነው የወረወረው። ሰኞ ጠዋት ጥበቃው ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

«ምን ትላለህ?» አለኝ።

«ኦክቶበር ላይ ጠይቀኝ።»

አዲስ የተቀጠረች ልጅም ነበረች። ፈጣን ናት። እኔ ግን ፎቁ ባዶ ሆኖ ሳለ እንኳ ሁለት ሆነው እንዲሠሩ አደረግኩ፣ ረድፍ ሳትጽፍ የሰቀለችውን ቁልፍ እያወረድኩ እመልስላታለሁ። ደረቅ ሰውዬ እንደምትለኝ ሰምቻለሁ።

ኦክቶበር 27 እሑድ ኮማንደርስ በቺካጎ 15 ለ 12 እየተመራ ሰዓቱ አለቀ። ዳንኤልስ ወዲያ ወዲህ ሮጦ፣ ሮጦ፣ ኳሱን ወደ ሰማይ ለቀቀው። የተጫዋች እጅ ነክቶት ተንሳፍፎ ብቻውን በቆመው ኖህ ብራውን እጅ ገባ። 52 ያርድ፣ 18 ለ 15።

ሰኞ ስደርስ ሽማግሌው መግቢያው መሃል መንገድ ዘግቶ ቆሟል። እጁን ዘርግቶ የመጀመሪያዋን መኪና አስቁሟታል።

«ዛሬ ወሩ ምንድን ነው?» አለኝ እየጮኸ።

«ሰዎቹን አስገባ እባክህ።»

«ወሩን ንገረኝ!»

ከኋላችን ስድስት መኪና ክላክስ ያደርጋል። ልጅቷ ቲኬቱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ረድፍ ትጽፋለች፣ ቀና ብላም አላየችን።

«ኦክቶበር» አልኩት።