ካውብ፦ በአንዲት የራይን ከተማ በኩል ታሪክና ጂኦግራፊን መማር

ታሪክና ጂኦግራፊን ለየብቻ ማንበብ ሰልችቶኝ፣ አንዲት ቦታ ይዤ ሁለቱንም አብሬ ላጥና ብዬ ከጀመርኩ ቆየሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ በዚህ መንገድ መሞከር የሚፈልግ ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

የመረጥኳት ከተማ ካውብ ትባላለች። በጀርመን ራይንላንድ ፕፋልዝ ክፍለ ሀገር፣ በራይን ወንዝ ቀኝ ዳርቻ ላይ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ አይሞሉም፤ የከተማነት መብት ያገኘችው ግን በ1324 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የምኖረው ፍራንክፈርት ስለሆነ በባቡር እደርስባታለሁ። ቀልቤን የሳበችው ግን በዜና ነው። ራይን በጎደለ ቁጥር የኢኮኖሚ ዘጋቢዎች የሚጠሩት የዚህችን ትንሽ ከተማ ስም ነው። ትልልቆቹ የወንዝ ወደቦች እያሉ ለምን ካውብ? ጥናቴ የተነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የያዝኩት መሬቱን ነው። ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው 65 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሸለቆ በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንጋዩ በዴቮን ዘመን፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ፣ በባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ደለል ነበር። በኋላ ተጨምቆና ተጣጥፎ ጠነከረ። ተራራማው ምድር ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲነሳ ራይን መንገዱን ሳይለቅ ወደ ታች መቁረጡን ቀጠለ። ከማይንዝ በኩል በሰፊ ሜዳ ተንጣሎ የሚመጣው ወንዝ ቢንገን ላይ ሲደርስ በድንገት በሁለት ግድግዳ መሃል የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ከማይንዝ እስከ ኮብሌንዝ ባለው ርቀት ዛሬም ወንዙን የሚሻገር ድልድይ የለም፤ ሰውም መኪናም የሚሻገረው በጀልባ ነው።

ካውብ ላይ ከባቡር ስትወርዱ ጥበቱን በእግራችሁ ትለኩታላችሁ። ወንዙ፣ የመኪናው መንገድ፣ ሐዲዱ፣ ጥቂት የቤት ረድፍ፣ ከዚያ ወዲያው ቀጥ ያለ ዳገት። ዳገቱ ላይ የወይን እርከኖች አሉ፤ ከነሱ በላይ ጉተንፌልስ የተባለው አምባ ተቀምጧል። ከእርከኑ ግርጌ የወደቀ ድንጋይ አንስታችሁ ብታዩት ጥቁር ግራጫ ነው፤ በጥፍር ጫፍ እንኳ በስስ ንጣፍ ይላጣል። ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለወይኑ ይመልስለታል። የከተማዋ ጣሪያዎች የተከደኑትም በዚሁ ድንጋይ ነው። ካውብ እስከ 1972 ድረስ እየቆፈረች ስትሸጠው ኖራለች። ያው ድንጋይ ገዳይም ሆኗል፤ በመጋቢት 1876 ከከተማዋ በላይ ያለው ዳገት ተንዶ ከ20 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቤቶቹን በሌላ ዓይን ነው የማያቸው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ካውብ ላይ የወንዙን ከፍታ የሚለካ ጣቢያ አለ፤ ጀርመኖች «ፔገል ካውብ» ይሉታል። በዚህ አካባቢ የወንዙ ወለል አሸዋ ሳይሆን ቋጥኝ ስለሆነ፣ ከሮተርዳም ተነስቶ ወደ ማንሃይም ወይም ወደ ባዝል የሚወጣ የጭነት መርከብ በጣም ጥልቀት የሚያንሰው ውሃ የሚያጋጥመው እዚህ ነው። ስለዚህ ካፒቴኑ ሮተርዳም ላይ ስንት ቶን እንደሚጭን የሚወስነው የካውብን ቁጥር አይቶ ነው።

ጀማሪን ግራ የሚያጋባ ነገር ስላለ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። የፔገሉ ቁጥር የወንዙ ጥልቀት አይደለም። ከተወሰነ የዜሮ ነጥብ ተነስቶ የሚለካ ከፍታ ነው፤ የመርከብ መተላለፊያው ወለል ደግሞ ከዚያ ነጥብ በታች ነው። ፔገሉ 78 ሴንቲ ሜትር ሲያሳይ መተላለፊያው 1.90 ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ተደርጎ ይጠበቃል። ልዩነቱ 112 ሴንቲ ሜትር ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ከውሃ መንገዶች አስተዳደር ገጽ ላይ አይቼ 112 እደምርበታለሁ። በጥቅምት 2018 ፔገሉ 25 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ይህ በካውብ ከተመዘገቡት ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ስትደምሩት መተላለፊያው 1.37 ሜትር ብቻ ነበረው ማለት ነው። በዚያን ዓመት የሉድቪግስሃፈኑ የኬሚካል ኩባንያ ቤአስኤፍ ዕቃ ማጓጓዝ ስላቃተው ምርቱን ቀንሶ 250 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደከሰረ አስታውቋል። ከዚያም ሽቶልት ሉድቪግስሃፈን የተባለች 135 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ አሠርቶ በ2023 ሥራ አስጀመራት። ፔገሉ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢወርድ እንኳ 800 ቶን ይዛ ካውብን እንድታልፍ ተብላ የተሠራች ናት። አንድ ግዙፍ ኩባንያ መርከቡን በአንዲት መንደር በምታህል ከተማ ልክ አሰፋ ማለት ነው! ጂኦግራፊ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ይህ ከገባኝ በኋላ ታሪኩ በራሱ ተከፈተልኝ። መርከብ ፍጥነቱን ቀንሶ በጥንቃቄ የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ለኬላ ይመቻል። ከከተማዋ ፊት ለፊት፣ ወንዙ መሃል፣ ፋልከናው በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ ፕፋልዝግራፈንሽታይን የሚባለው ምሽግ ቆሟል። ባቫሪያዊው ንጉሥ ሉድቪግ በ1326 እና በ1327 መጀመሪያ አምስት ማዕዘን ያለውን ማማ ሠራ፤ ስድስት ማዕዘን ያለው ዙሪያ አጥር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጨመረ። ሥራው ቀረጥ ማስከፈል ብቻ ነበር። ከላይ ጉተንፌልስ፣ ከታች ከተማዋ፣ መሃል ላይ ምሽጉ ሆነው ሦስቱ ወንዙን ዘጉት። ከሉድቪግ ጋር የተጣሉት የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ ይፍረስ ብለው ቢጠይቁም አልፈረሰም። እስካሁንም በጦርነት ተይዞ ወይም ወድሞ አያውቅም።

ምሽጉን በጀልባ ሄዳችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል። ወንዙ በሚመጣበት በኩል ያለው ግድግዳው እንደ መርከብ አፍንጫ የሾለ ነው፤ በክረምት የሚወርደውን የበረዶ ግግር እንዲሰነጥቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ታችኛው እስር ቤት ውስጥ እስረኛው በጉድጓድ ውሃ ላይ በምትንሳፈፍ የእንጨት መደብ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ ወንዙ ሲሞላ አብሮ ከፍ ሲጎድል አብሮ ዝቅ ይል ነበር ተብሎ ይነገራል። የራይን ቀረጥ ለመጨረሻ ጊዜ የቀረው ፕሩሲያ በ1866 የናሳውን ግዛት ከጠቀለለች በኋላ ነው፤ የ1868ቱ የማንሃይም ስምምነት ደግሞ ነፃ መተላለፍን በሕግ አጸና።

ያቺው ደሴት በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜም ተፈልጋለች። የፕሩሲያው ማርሻል ብሉኸር የሽሌዚያ ጦሩን ይዞ፣ 1813 አልቆ 1814 በሚገባበት ሌሊት፣ ራይንን የተሻገረው ካውብ ላይ ነው። ያኔ ግራው ዳርቻ የፈረንሳይ ነበር። መጀመሪያ ጥቂት ወታደሮች በጀልባ ተሻግረው ማዶውን ያዙ፤ ከዚያ የሩሲያ መሐንዲሶች በሸራ የተለበጡ ጀልባዎችን አያይዘው ተንሳፋፊ ድልድይ መዘርጋት ጀመሩ። ከካውብ እስከ ደሴቲቱ አንድ ክፍል፣ ከደሴቲቱ እስከ ማዶ ሌላ ክፍል። ሁለተኛውን ክፍል ወራጁ ውሃ በጠሰውና እንደገና ተሠራ። በዚያ መንገድ 50,000 ገደማ ወታደር አለፈ። ደሴቲቱ ባትኖር በክረምት፣ በዚያ ወራጅ ላይ፣ ይህን ማሰብ እንኳ ይከብዳል። ብሉኸር ያረፈበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ምዕራፍ ግን ከ1919 እስከ 1923 ያለው ነው። ካርታና ኮምፓስ ይዛችሁ አብራችሁኝ ሥሩት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተባበሩት ኃይሎች የራይንን ግራ ዳርቻ ሙሉ በሙሉ ያዙ፤ በቀኙ በኩል ደግሞ አሜሪካኖች ከኮብሌንዝ፣ ፈረንሳዮች ከማይንዝ ተነስተው 30 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ያዙ። ሁለቱን ክቦች ስትስሏቸው አይነካኩም። መሃላቸው ላይ ወደ ወንዙ ሰፋ፣ መሃሉ ላይ ቀጠን፣ ወደ ሊምቡርግ አቅጣጫ ደግሞ እንደገና ሰፋ ያለ ቁራሽ መሬት ይቀራል። ካውብና ሎርኽ የተባለችው ጎረቤቷ ወድቀው የተገኙት እዚያ ውስጥ ነው፤ ማንም አልያዛቸውም። ሰዉም የአገሩን ቅርጽ አይቶ «የጠርሙስ አንገት ነፃ መንግሥት» አለው።

ኑሮው ግን ከባድ ነበር። ጥሩ መንገዶችና ሐዲዱ ሁሉ ሸለቆውን ተከትለው ስለሚሄዱ በሁለቱም በኩል የሚወጡት በተያዘ መሬት ነው። ባቡሮች አይቆሙላቸውም። እህልና ከሰል በጋሪ ከሊምቡርግ በኩል በኮረብታው መንገድ መምጣት ነበረበት፤ የቀረው በኮንትሮባንድ ይገባል። የራሳቸውን ጊዜያዊ የወረቀት ገንዘብም አትመዋል። የሎርኽ ከንቲባ ኤድሙንድ ፕኒሼክ አካባቢውን ሲያስተዳድሩ ቆዩ፤ በየካቲት 1923፣ ፈረንሳይ የጀርመንን የሩር ኢንዱስትሪ አካባቢ በያዘችበት በሩር ቀውስ ጊዜ፣ የፈረንሳይ ጦር ገብቶ ሁሉንም አበቃው። ይህን በጽሑፍ ብቻ ሳነበው አልያዘኝም ነበር። ክቦቹን በእጄ ከሳልኩ በኋላ ግን ሰዎቹ በየት ሊያልፉ እንደሚችሉ፣ በየት እንደማይችሉ፣ ካርታው ራሱ ነገረኝ። ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ስለ ድንበር ስታነቡ ድንበሩን ራሳችሁ ሳሉት።

አሁን የያዝኩት ከካውብ ትንሽ ወደ ላይ፣ በማዶው ዳርቻ ያለችውን ባኻራኽን ነው። በመካከለኛው ዘመን «የባኻራኽ ወይን» በሰሜን አውሮፓ ገበያ ስሙ የገነነ ነበር፤ አብዛኛው ወይን ግን እዚያ የበቀለ አልነበረም። ቢንገን ላይ ያለውን ቋጥኝ ትልልቅ መርከቦች ማለፍ ስለማይችሉ፣ ከላይ የመጣው በርሜል በትናንሽ ጀልባ ወርዶ ባኻራኽ ላይ ወደ ትልልቆቹ ይጫን ነበር። ቀጥሎ ከቢንገን እስከ ሳንክት ጎዋር ያለውን እንቅፋት በሙሉ በአንድ ካርታ ላይ ማስፈር እፈልጋለሁ። መንግሥት ከማይንዝ እስከ ሳንክት ጎዋር ባለው ክፍል መተላለፊያውን ከ1.90 ወደ 2.10 ሜትር ለማድረስ የያዘውን ዕቅድም ከጎኑ አስቀምጬ፣ የትኛው ቋጥኝ ተቆርጦ የትኛው እንደሚቀር እከታተላለሁ። በቀድሞ ዘመን የተሣሉ የራይን የመርከብ ካርታዎችን ያየ ወይም የት እንደሚገኙ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።