የረጅም ሌንስ ፎከስ ሲዛነፍ

በዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው) ካሜራና በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያነሳችኋት ወፍ ዓይኗ ደብዝዞ ጅራቷ ጥርት ካለ፣ በእጃችሁ መንቀጥቀጥ ከማሳበባችሁ በፊት ፎከሱን ፈትሹ። በእነዚህ ካሜራዎች ፎከስ የሚለካው ከመስታወቱ ሥር ባለ ሌላ ሴንሰር ስለሆነ፣ ትንሽ መዛነፍ እንኳ በረጅም ሌንስ ጎልቶ ይወጣል። ሚረርለስ (መስታወት አልባ ካሜራ) የያዘ ሰው ይህ ብዙም አያሳስበው።

ጋዜጣ ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ጠጠር መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና 15 ሜትር ያህል ራቁ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ክፍት፣ የሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያ ጠፍቶ። መጀመሪያ በላይቭ ቪው (በጀርባው ስክሪን እያያችሁ) ጋዜጣው ላይ ፎከስ አድርጋችሁ አንሱ፤ ያን ሌላ ሴንሰር ስለማይጠቀም ማወዳደሪያችሁ እሱ ነው። ከዚያ በቪውፋይንደር (በዓይን ማያው ቀዳዳ) አምስት ስድስት ጊዜ፣ በየመሃሉ ፎከሱን ሆን ብላችሁ እያዛባችሁ። በአንድ ፎቶ መወሰን ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ በካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለውን የፎከስ ማስተካከያ (በኒከን AF Fine-Tune፣ በካነን AF Microadjustment) ክፈቱ። ከጋዜጣው ፊት ያለው ጠጠር ከጠራ ወደ ፕላስ፣ ከኋላው ያለው ከጠራ ወደ ማይነስ ሂዱ። በኒከንም በካነንም መለኪያው ከ-20 እስከ +20 ነው፤ በ5 በ5 ጀምራችሁ አጥብቡት። ውጤቱ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ የሚል ከሆነ ግን ማስተካከያው አይፈታውም። የቀትር ፀሐይ የሚያርገበግበው አየርም ያሳስታል፤ በጠዋት ሥሩት። ቴሌኮንቨርተር (የሌንሱን ርዝመት የሚያበዛ ተቀጥላ) ከጨመራችሁ እንደ አዲስ ፈትሹ።