በእናቴ ሳሎን የሰቀልኳቸው ፎቶዎች

ወሎ ሲባል ብዙ የውጭ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው የ1977ቱ ረሃብ ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ዓለምን አስለቅሷል፣ እርዳታም አምጥቷል። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች።

እናቴ በዚያው ዓመት ደሴ ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው ፎቶ አላት። ከኋላዋ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አለ። ፀጉሯ አፍሮ ነው፣ እጇ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይዛለች። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማስታወሻ ይሁንህ» ይላል። ለማን ልትሰጠው እንደነበር እስካሁን አልነገረችኝም።

ሁለቱም እውነት ናቸው። የእናቴ ግን ሳጥን ውስጥ ነበር። በሳሎኗ የፎቶ ኤግዚቢሽን ያሰብኩት ለዚህ ነው፤ የሰፈራችን ሰው ራሱ ያስቀመጠውን ወሎ ለማሳየት።

ቤት ለቤት ዞሬ አልበም ለመንኩ። ከላስቲኩ ጋር የተጣበቀ ፎቶ በግድ ላላቅቅ ስል የአንዱ ጥግ ተቀደደ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ከነአልበሙ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ አነሳሁ። የተነሱበትን ቦታም እየፈለግኩ የዛሬ መልኩን ጎን ለጎን አደረግኩ። አንዳንዱ ቦታ ፎቅ ሆኗል። የጦሳ ተራራ ብቻ እዚያው ጉሙን ለብሶ ቆሟል።

24 ፎቶ በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር አሳተምኩ። መጀመሪያ ግሎሲ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነበር። የሳሎኑ መስኮት እያብለጨለጨበት ፊት አልታይ ሲል በማያብረቀርቀው በማት አስቀየርኩ። ከፍታውንም አንድ ሜትር ተኩል ላይ አድርጌው ነበር፤ ያ ለቆመ ሰው ነው። የኛ እናቶች ተቀምጠው፣ ቡና እየጠጡ ነው የሚያዩት። ሁሉንም ዝቅ አደረግኩ። የደከምኩበትን ረጅም ጽሑፍ ማንም አላነበበውም። ስም፣ ዓመትና ቦታ ብቻ ተውኩ።

ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት ግን ሌላ ላይ ነው። ጎረቤታችን እትዬ በር ላይ እንዳሉ ደርቀው ቀሩ። ግድግዳው ላይ እሳቸውና ዘመቻ ሄዶ ያልተመለሰው ወንድማቸው አሉ። አልበሙን የሰጠኝ ልጃቸው ነው፤ እሳቸውን አልጠየቅኩም። ምንም ሳይናገሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተመለሱ።

ፎቶውን ወዲያው አወረድኩ። እናቴ «መጀመሪያ እሳቸው ቤት ቡና መጠጣት ነበረብህ» አለችኝ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። «አብሽር ልጄ» አሉኝ። አልበሙን አወጡና «ይሄን ለምን ቆረጥከው?» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። እኔ ፊታቸው እንዲጎላ ብዬ ከወገብ በታች ቆርጬዋለሁ። ሙሉው ላይ የወንድምየው ግራ እጅ የሴት ጫማ ይዟል። ሐይቅ ሄደው፣ እሳቸው እግራቸውን ውኃ ሲነክሩ ጫማቸውን የያዘላቸው እሱ ነበር። ይሄን ሲያወሩኝ አቦሉ አልቆ ቶና ተቀድቷል።

«ስቀለው» አሉኝ፣ «ጫማው ይታይ እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳልጠይቅ አልሰቅልም፣ የሰው ፎቶም አልቆርጥም። ሙሉውን አሳትሜ በሩ አጠገብ ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩት። እትዬ ከሰዓት መጡና ዱካ ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ለገባ ሰው ሁሉ «ያ የያዘው የኔ ጫማ ነው» ይሉ ነበር።