ዲስኩ ሐረር፣ ቁልፉ ድሬ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ባለው ቅርንጫፋችን ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ የዩኤስቢ ገመድ እየነቀልኩ እየሰካሁ ነበር። የደወሉልኝ ድሬዳዋ ዋናው ቢሮ ያሉት የሒሳብ ኃላፊያችን ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒዩተሬን ምን አደረግኸው?» አሉኝ። «ጥቁር ሆኗል። ግሩብ የሚል ጽሑፍ አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።»

ወሩ ያለቀበት፣ የደመወዝ ዝርዝር የሚዘጋበት ቀን ነበር። ድሬም ሐረርም ያለው ሠራተኛ ደመወዙን የሚጠብቀው ከዚያ ኮምፒዩተር ነው። ልቤ ዝቅ አለ።

ነገሩ የጀመረው ዓርብ ማታ ነው።

የምሠራው ከጅቡቲ የሚገባ ዕቃ ሰነድ የሚያስፈጽም ቢሮ ውስጥ ነው። ኮምፒዩተር የሚጠግነው ለሁለቱም ከተማ እኔ ብቻ ነኝ። ሐረር ያለው የመጋዘን ኮምፒዩተር ዊንዶውሱ አልነሳ ብሎ ሦስት ቀን ሆኖታል። ፋይሎቹ ግን ዲስኩ ላይ እንዳሉ እርግጠኛ ነበርኩ። እንዲህ ሲያጋጥም መፍትሔው ሌላ ሲስተም ከውጭ አስነስቶ ፋይሉን መገልበጥ ነው። እስከዚያ ቀን የምጠቀመው በላይቭ ፍላሽ ነበር፣ ሲስተሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ በቀጥታ የሚነሳበት ማለት ነው። ችግሩ፣ ላይቭ ፍላሽ ስታጠፋው ሁሉን ይረሳል። የጫንከው ፕሮግራም፣ የአማርኛ ኪቦርዱ፣ የኔትወርክ ይለፍ ቃሉ፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ሙሉውን በኪሴ ይዤ መዞር ፈለግሁ።

ታይዋን ገበያ ገብቼ 500 ጊጋባይት ተሰኪ ኤስኤስዲ ገዛሁ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ፈጣን ዲስክ ነው። ፍላሽ ላይ ሙሉ ሲስተም መጫን ይቻላል፣ ግን ሲስተም ቀኑን ሙሉ ጥቃቅን ፋይል ይጽፋል፣ ያንን ደግሞ ፍላሽ አይችለውም። ይንቀራፈፋል፣ ቶሎም ያልቃል። ኤስኤስዲ ሌላ ነገር ነው። ቀዳዳው ላይም ልዩነት አለ። አሮጌው ዩኤስቢ 2 በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፣ ብዙ ጊዜ በሰማያዊ የሚለየው ዩኤስቢ 3 ደግሞ 5 ጊጋቢት፣ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ቢሯችን ውስጥ ደህና ሰማያዊ ቀዳዳ ያለው የእትዬ ላፕቶፕ ነው።

ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ሊወጡ ሲሉ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ማታ ላፕቶፕዎን ትንሽ ልጠቀምበት? የእርስዎን ፋይል አልነካም።»

«ነገ ደመወዝ አለብኝ። ብቻ አደራ፣ የኔ ልጅ» ብለው የቢሮውን ቁልፍ ሰጡኝ።

ድሬ እንደምታውቋት ነች፣ መሽቶም ሙቀቱ አይለቅም። ማራገቢያውን ወደ ላፕቶፑ አዙሬ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ፈርምዌሩ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒዩተሩ የራሱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቼ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን፣ ያልታወቀ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ፣ አጠፋሁ። ከዚያ ጫኙን ከፍላሽ አስነሳሁ። የውስጡን ዲስክ እንዳልነካ ሦስት ጊዜ አየሁ። ሲስተሙን ተሰኪው ዲስክ ላይ አደረግሁ። ከታች «ማስነሻው የት ይቀመጥ?» የሚል ምርጫ አለ። እዚያም ተሰኪውን ዲስክ መረጥኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደ። እንደገና ሳስነሳው ሊኑክሱ ቆንጆ ሆኖ ተነሳ። ዘጋሁት፣ ዲስኩን ነቀልኩ፣ ላፕቶፑን ከደንኩ፣ ቤቴ ሄድኩ።

ዲስኩን ነቅዬ ላፕቶፑን አንድ ጊዜ ባስነሳው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሚኒባስ ያዝኩ። ደንገጎን ስትወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ሰው መስኮት መዝጋት ይጀምራል። ሐረር ስደርስ የመጋዘን ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ነበር። «አቦ፣ ዛሬስ ትፈታዋለህ?» አለኝ። «ዛሬ ያልቃል» አልኩት። ዲስኩን ሰካሁ። የማስነሻ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ዲስኩ የለም። ሌላ ቀዳዳ፣ የለም። ገመድ ቀየርኩ፣ የለም። የእትዬ ስልክ የመጣው ያኔ ነው።

ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን ሳያቸው ነው የገባኝ። ሐረር ያለው ዲስክ ራሱን ማስነሳት አይችልም። ድሬ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ሐረር ያለውን ዲስክ እየፈለገ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአሁኖቹ ኮምፒዩተሮች ሲስተም የሚነሳው ከአንዲት ትንሽ የዲስክ ክፍል ነው፣ የኢኤፍአይ ክፍል ትባላለች። በፋት32 ፎርማት የተደረገች ናት፣ መጠኗ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት አይበልጥም። የዊንዶውስም የሊኑክስም ማስነሻ እዚያ ውስጥ የየራሱ ማኅደር አለው። የትኛው ይቅደም የሚለው ተራ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ይመዘገባል። ያ መዝገብ ከዲስኩ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ተሰኪ ዲስክ የማያውቀው ኮምፒዩተር ላይ እንዲነሳ የራሱ የኢኤፍአይ ክፍል ያስፈልገዋል፣ በዚያ ውስጥም ኢኤፍአይ ከሚለው ማኅደር ሥር ቡት የሚል ማኅደር፣ በእሱም ውስጥ ቡትኤክስ64 የሚባል ፋይል። እንግዳ ኮምፒዩተር የሚፈልገው ያንን ነው።

የተጠቀምኩበት ጫኝ «ተሰኪው ላይ አድርግ» ስለው እሺ ብሎ፣ ፋይሎቹን ግን ቀድሞ ባገኘው የኢኤፍአይ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው። ያ ክፍል የእትዬ ነው። ተራውንም ከዊንዶውስ አስቀደመ። ዓርብ ማታ ሁሉም ደህና የመሰለኝ ዲስኩ እንደተሰካ ስለነበር ነው። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሲያበሩት ግሩብ የሚባለው የሊኑክሱ ማስነሻ ተነሳ፣ ቀሪውን አካሉን ፈለገ፣ አጣው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆመ። ኮምፒዩተሩ ወደ ዊንዶውስ አልዞረም፤ በእሱ በኩል ማስነሻው ተነስቷልና ሥራው አልቋል።

«እትዬ፣ አይዞዎት። ፋይልዎ አልተነካም» አልኳቸው። «ያጥፉትና ሲያበሩት ኤፍ 12ን ደጋግመው ይጫኑ።»

ዝርዝር መጣላቸው። ዊንዶውስ የሚለውን እንዲመርጡ ነገርኳቸው። እኔ በረጅሙ ተንፍሼ ሳልጨርስ «ሰማያዊ ሆነ። ቁጥር አስገባ ይላል» አሉ።

ቢትሎከር ነው፣ የዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ። ሴኪዩር ቡትን አጥፍቼው መልሼ አላበራሁትም። የተመሰጠረ ዲስክ የማስነሻው ሁኔታ ተለውጦ ሲያገኘው ባለቤቱን ይጠይቃል። የሚጠይቀው 48 አሃዝ ነው። ያ ቁጥር ከሌለህ ፋይልህም የለም። ልለምን፣ ላባብል የሚባል ነገር የለውም።

እግዚአብሔር ይመስገን ቁጥሩ ነበረን። ከሁለት ወር በፊት የሁሉንም ኮምፒዩተር ቁልፍ አትሜ፣ በፖስታ አሽጌ ከቼክ ደብተሮቹ ጋር ካዝና ውስጥ አስቀምጠን ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወረቀት አበዛህ ብሎኝ ነበር። እትዬ ካዝናውን ከፍተው ወረቀቱን አወጡ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጮክ ብለው እያነበቡ መጻፍ ጀመሩ። ስድስት አሃዝ፣ ቆም። ስድስት አሃዝ፣ ቆም። በየመሀሉ ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ስምንት ክፍል ነው። አራተኛው ላይ ስክሪኑ ስህተት ነው አላቸው። መልሰው አዩት፣ 3ን 8 ብለው አንብበው ነበር። ስክሪኑ እዚያው ያወቀው እያንዳንዱ ስድስት አሃዝ ለ11 ያለ ቀሪ እንዲካፈል ተደርጎ ስለሚሠራ ነው። ይህን በኋላ ስነግራቸው ወረቀቱን አምጥተው በካልኩሌተር ስምንቱንም አካፈሉ።

«ተከፈተ» አሉ። ወዲያው ደግሞ «ሰዓቱ ምን ሆነ?» አሉኝ።

ሊኑክስ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ያስቀምጣል። ዊንዶውስ ያንኑ ሰዓት የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። የእኛ ልዩነት ሦስት ሰዓት ስለሆነ ስክሪኑ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። እኛ ደግሞ ከኮምፒዩተሩ ላይ ስድስት ቀንሰን ማንበብ ለምደናል። የእትዬ የእጅ ሰዓት 3 ከ40 ይላል፣ ኮምፒዩተሩ 9 ከ40 ማለት ሲገባው 6 ከ40 ይላል። ለተራ ሰው ምንም አይደለም። ለሒሳብ ሰው ግን የሰነድ ሰዓት ነው። ምንም ከመመዝገባቸው በፊት አስተካከልነው።

ከዚያ በኋላ እትዬ ሥራቸውን ቀጠሉ። ለመጋዘን ኃላፊው እውነቱን ነገርኩት፣ ዛሬ እንደማያልቅ። ተቆጣ፣ መቆጣቱም ልክ ነው። ቀትር ላይ ወደ ድሬ ወረድኩ።

ቢሮ እንደደረስኩ ወደ ሌላ ሥራ አልሄድኩም። እትዬ ደመወዙን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ በላይቭ ፍላሽ ገብቼ ኢኤፍአይቡትኤምጂአር በምትባለው ትዕዛዝ የሊኑክሱን ስም ከማስነሻ ተራው ሰረዝኩ፣ ማኅደሩንም ከውስጥ ዲስኩ የኢኤፍአይ ክፍል አወጣሁ። የዊንዶውስ ማኅደር አጠገቡ ነው ያለው፣ ስትሰርዝ እጅህ መቸኮል የለበትም። ቀጥሎ ዊንዶውስ ገብቼ ቢትሎከሩን ለጊዜው አቆምኩ፣ ሴኪዩር ቡቱን አበራሁ፣ ቢትሎከሩን መለስኩ። እትዬ አጠገቤ ቆመው ሦስት ጊዜ አጥፍተው አበሩት።

ተሰኪውን ዲስክ ግን በእሳቸው ላፕቶፕ ላይ አላስተካከልኩትም። ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለን። ሽፋኑን ከፍቼ የውስጥ ዲስኩን ገመድ ነቀልኩ። አሁን ጫኙ የሚሳሳትበት ሌላ ዲስክ የለም። ከተሰኪው ዲስክ መጨረሻ 512 ሜጋባይት ቆርሼ የኢኤፍአይ ክፍል አደረግኋት። ከዚያ ግሩብን የሚጭነውን ትዕዛዝ፣ ግሩብ-ኢንስቶልን፣ «ሪሙቨብል» ከሚለው አማራጭ ጋር አዘዝኩት። ያ አማራጭ ነው እንግዳ ኮምፒዩተር የሚፈልገውን ፋይል በትክክለኛው ስም የሚያስቀምጠው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲጫን በዝርዝር ምርጫው ይህንኑ ይጠይቃል፤ ጥያቄው የተዘጋጀው የማስነሻ ተራን በትክክል ለማይዙ ፈርምዌሮች ነው፣ ለተሰኪ ዲስክም ግን ይጠቅማል።

ተነሳ፣ ግን አልጨረሰም። ስክሪኑ አንድ ዲስክ እየጠበቅሁ ነው ብሎ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ መቁጠር ጀመረ፣ ከዚያ የአደጋ ጊዜ ሁኔታ ውስጥ ገባ። ሲስተሙ የሚከፍታቸው የዲስክ ክፍሎች የሚዘረዘሩበት ኤፍኤስታብ የሚባለው ፋይል ውስጥ አሁንም የእትዬ ላፕቶፕ የኢኤፍአይ ክፍል መለያ ተጽፎ ነበር። ሲስተሙ ሲነሳ እሱን ነው የሚፈልገው። መስመሩን በአዲሱ ክፍል መለያ ተካሁት። ሰዓቱንም በአገር ሰዓት እንዲያነብ አደረግሁት፣ ከዊንዶውስ ጋር እንዳይጋጭ።

ላፕቶፕ ብቻ ያለው ሰው ዲስክ መንቀል ላይመቸው ይችላል። በአንዳንዱ ፈርምዌር የውስጥ ዲስኩን ማጥፋት ይቻላል። ካልሆነ ጂፓርትድ የሚባለውን የዲስክ ክፍሎች ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቶ ከመጫን በፊት የውስጡን የኢኤፍአይ ክፍል ምልክት ማንሳት ነው፣ ጫኙ ያልፈዋል። ሲጨርሱ ምልክቱን መመለስ ግዴታ ነው። እኔ ግን የሰው ኮምፒዩተር ከሆነ አልነካውም ብያለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ ሚኒባስ ያዝኩ። ሐረር ዲስኩን ሰካሁ፣ ዝርዝሩ ላይ ስሙ መጣ። የመጋዘኑ ፋይሎች ሙሉ በሙሉ ነበሩ፣ እየገለበጥኩ ቁጭ አልኩ። የመጋዘን ኃላፊው ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩ ሳይመጣ ድሬ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ኮምፒዩተርዎ ተነሳ?»

«ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እየሠራሁበት ነው» አሉ። «ሰዓቱም ልክ ነው።»