ሰው የሚውጠው ሶፋ

ሶፋው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። አራት ተሸካሚዎች ከላይም ከታችም ይጮኻሉ። አናጢው «ወደ ግራ አዙሩት!» ይላል። በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ነው። እኔ ከላይ ቆሜ ሌዘሩ እንዳይላጥ እለምናለሁ። ቤቱ ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን በ5 ዓመት ቆይታው ከሠራቸው ፎቆች አንዱ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ደረጃው ጠባብ።

በሩ 80 ሴንቲ ነው። ሶፋው ከፊት እስከ ጀርባው 95። «አንቺ የለካሽ መስሎኝ» አለኝ አናጢው። እኔ ደግሞ እሱ የለካ መስሎኝ ነበር። የሶፋውን እግር ነቅለን፣ የበሩን መዝጊያ ነቅለን፣ በጎኑ አጋድመን አስገባነው። ያን ቀን ነገሩ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው ደረጃው ላይ እተወው ነበር።

የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ለዓመታት ተቀጥሬ ስሠራ ቢሮዬ ሁለት የብረት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነበር። ሰው ፊቴ እያለቀሰ፣ ሌላው በሩን ከፍቶ ፋይል ይጠይቀኛል። ስለዚህ የራሴን ክፍል ስከራይ ያማረ ነገር ፈለግሁ። የውጭ አማካሪዎችን ቢሮ ፎቶ በስልኬ ሳይ ከረምኩ። ቡናማ ሌዘር፣ ቁልፍ ቁልፍ ያለው፣ ጥልቅ ያለ ሶፋ። «ልክ እንደዚህ» አልኩት አናጢውን። ለራሴ ባለ ጎማ፣ ጀርባው ከራስ በላይ የሚሄድ የሥራ አስኪያጅ ወንበር ገዛሁ። ለወገቤ ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያምርብኝ ነበር።

የሚመጣ ሰው ሁሉ «ሶፋው ላይ ልተኛ?» ብሎ ይጠይቃል። ፊልም ያየ ሁሉ ፍሮይድን፣ ታካሚዎቹን ሶፋ ላይ እያስተኛ ያዳምጥ የነበረውን የቪየና ሐኪም፣ ያውቃል። የፍሮይድን ሶፋ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ አንዲት ታካሚው ናት በስጦታ የሰጠችው ይባላል። ዛሬ የፋርስ ምንጣፍ እንደለበሰ ለንደን ባለው የፍሮይድ ሙዚየም ውስጥ አለ። ሰዎቹን አስተኝቶ እሱ ከኋላቸው የሚቀመጥበትን አንዱን ምክንያት ራሱ ጽፎታል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ሰው ዓይን ዓይኑን እያየው መዋል አልቻለም። ደስ የሚል ሐቀኝነት ነው። የእኔ ሥራ ግን ማስተኛት አይደለም። ተቀምጠን ነው የምናወራው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ድምፁ ነው። ሌዘሩ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይጮኻል። አንድ ወጣት ስለ አባቱ ሊነግረኝ ቀና ሲል ሶፋው የማይሆን ድምፅ አወጣ። ልጁ ፊቱ ቀላ። «ሶፋው ነው» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥን። አባቱም በዚያው ተዋጠ፣ ያን ቀን አልተመለሰም። ደግሞ ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በክረምት ጠዋት ያ ሌዘር እንደ በረዶ ነው። ሰው ተቀምጦ እስኪሞቀው ድረስ ትከሻውን ሰብስቦ ይቆያል።

ይሄን ሁሉ እያየሁ ዝም ብዬ ቆየሁ። የሁለት ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ አውጥቼበታለሁ፤ እንዴት ልጣለው?

ከዚያ እማማ መጡ። ስለ ወንበሩ እንዳወራ ፈቅደውልኛል፣ «ስሜን ብቻ አታንሺ» ብለው። ጉዳያቸውን አልነግራችሁም። ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ሲገቡ ብድግ ብዬ «ኖር» አልኩ። «በእግዜር፣ ኧረ አትነሺ ልጄ» አሉና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ተቀመጡ ከተባለ። ሰመጡ። ጉልበታቸው ወደ ላይ ወጣ፣ እግራቸው ከመሬት ለቀቀ፣ ነጠላቸው ተንሸራተተ። ሁለቱም እጃቸው ነጠላውን በመያዝ ተጠመደ። እኔ ከፊታቸው፣ ከፍ ብዬ፣ በጎማ እየተንሸራተትኩ እጠይቃለሁ። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» «ምግብስ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ግማሽ ሰዓት እንዲህ አለቀ። ሲሄዱ መነሳት አልቻሉም። እጃቸውን ይዤ ሳብኳቸው። እየሳቁ «ይሄ ነገርሽ ሰው ይውጣል» አሉኝ። ይሳቁ እንጂ ማፈራቸው ያስታውቅ ነበር።

በሳምንቱ ብቻቸውን መጡ። ሶፋውን አዩት። ወደ ውጭ ተመልሰው ከበሩ ጎን ያለውን፣ ወረፋ ጠባቂ የሚቀመጥበትን የእንጨት ወንበር ራሳቸው አንጠልጥለው አስገቡ። ፊት ለፊቴ አላደረጉትም። ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከእኔ ጎን ለጎን ሊሆን ምንም ያህል ሳይቀረው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ውጭ እያዩ ሃምሳ ደቂቃ አወሩ።

ማታ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሶፋው ላይ። ከዚያ ቀና ብዬ ባዶውን የእኔን ወንበር አየሁት። ችሎት ፊት የቀረብኩ መሰለኝ። በእኛ አገር ወንበር የዋዛ ነገር አይደለም። በድሮው ችሎት ዳኛው ራሱ «ወንበር» ይባል ነበር። ሊቁ ጉባኤ ሲተክል ወንበር ዘረጋ ይባላል። ወንበር ላይ ያለው ይናገራል፣ ሥር ያለው ይሰማል። እኔ ደግሞ ሥር ያለው እንዲናገር ነበር የምፈልገው።

ነገሩ ዝቅ ማለቱ ብቻ አይደለም። እማማ ያደጉበት ቤት መደብና በርጩማ ነው፤ ሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው። ግን አይሰምጡም፣ ደግሞም ሁሉም ሰው እኩል ዝቅ ይላል። ቡና ሲጠጣ ማን ነው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚያወራ? ዓይን ጀበናው ላይ ያርፋል፣ ከሰሉ ላይ ያርፋል። ከባዱ ወሬ የሚወጣው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ወንበር በሰያፍ ይቀመጥ፣ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ፣ ሰውየው ሲፈልግ እንዲያይሽ ሳይፈልግ እንዲተውሽ ብለው አስተምረውኛል። ፈተናውንም መልሻለሁ። ሶፋ ስገዛ ግን አላስታወስኩትም።

አናጢው ጋ ተመለስኩ። ሁለት ወንበር፣ ከዋንዛ፣ ጀርባቸው ደገፍ የሚያደርግ። መቀመጫው ሰው ሲቀመጥበት 45 ሴንቲ ላይ የሚቆም፤ ሳይቀመጡበት የተለካ ቁመት ዋጋ የለውም፣ ስፖንጁ ይወርዳል። ከሥር ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ሳሳ ያለ ለስላሳ። ሌዘር ቀርቶ ወፈር ያለ ጨርቅ፣ ዚፕ ኖሮት ወልቆ የሚታጠብ። እጀታው ላይ ተከራከርን። እሱ ቀጭንና ጠምዘዝ ያለ ፈለገ፤ ያምራል አለ። እኔ ሰፊና ቀጥ ያለ ፈለግሁ። ትልቅ ሰው የሚነሳው እጀታውን ተጭኖ ነው፤ ደግሞ የጨነቀው ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል። ቀለሙን ግን ለእሱ ተውኩለት። የቆሎ ቀለም ያለው ጨርቅ መረጠ። ከዋንዛው ጋር ያምራል፣ አልዋሽም።

«ትልቁ የትኛው ይሁን?» አለኝ።

«ሁለቱም እኩል ናቸው።»

«ታዲያ ሰው ሲገባ ሐኪሟ የትኛዋ እንደሆነች በምን ያውቃል?»

መልስ አልሰጠሁትም። በዚህኛው ዙር በሩን ራሱ መጥቶ ሁለት ጊዜ ለካ።

ሶፋውን የታችኛው ጭማቂ ቤት ገዛኝ። እንዴት እንደወረደ አትጠይቁኝ። ማታ ማታ ሳልፍ ፍቅረኛሞች ሰምጠውበት አያለሁ። እዚያ ይመቻል፤ መነሳት የሚፈልግ የለም።

ወንበሮቹን አንድ ሜትር ተኩል ያህል አራርቄ በሰያፍ አስቀመጥኳቸው። መሃል ላይ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሶፍትና ውሃ። የሁለቱም መንገድ ወደ በሩ ክፍት ነው። ግድግዳው ላይ፣ ከእንግዳው ወንበር ኋላ፣ ሰዓት ሰቀልኩ። ዞር ሳልል ጊዜውን እንዳይ፣ ሰው ሲያወራ የእጅ ሰዓት ማየት ነውር ስለሆነ።

እማማ ሲመጡ መቀመጫውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉት። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። «የእኔ የትኛው ነው?»

«የወደዱትን» አልኩ።

የእኔን መረጡ። ሰዓቱ ከኋላዬ ሆነ። ያን ቀን ቀጣዩ ባለ ቀጠሮ ውጭ 20 ደቂቃ ቆሞ ጠበቀኝ። በማግስቱ ከአራዳ ገበያ ሁለተኛ ሰዓት ገዛሁ።