የኤክስ-10 ሲግናል ሲደክም፦ ማጉያ ከመግዛታችሁ በፊት የሚመጠውን ፈልጉ

አሜሪካ ቤታቸው ውስጥ ኤክስ-10 (መብራትንና ዕቃን በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚላክ ሲግናል የሚያዝ ሥርዓት) ያላቸው ሰዎች የሚያነሱት ችግር አንድ ዓይነት ነው፤ የሳሎኑ መብራት ይታዘዛል፣ የቤዝመንቱ አይሰማም። አብዛኛው ሰው ወዲያው ማጉያ ያዛል። እኔ ማጉያን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው፤ ሲግናሉን የሚመጥ ዕቃ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ማጉላት ትርፉ ወጪ ነው።

ትእዛዙ የሚሄደው በ120 ኪሎኸርዝ፣ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ በሚቆዩ አጫጭር ምቶች ነው፤ የ60 ኸርዙ ቮልቴጅ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቅጽበት ሽቦው ላይ ይጫናሉ። ትእዛዙን ከሚልከው ዕቃ፣ ከኮንትሮለሩ፣ ሲወጣ ጥቂት ቮልት የነበረው ሲግናል ሩቅ ሶኬት ጋ ሲደርስ በሚሊቮልት የሚቆጠር ይሆናል።

መጀመሪያ የሁለቱን መስመር ነገር አጣሩ። የአሜሪካ ቤት 120 ቮልት ያላቸው ሁለት መስመሮች ይገቡለታል። ኮንትሮለሩ በአንዱ፣ ትእዛዙን ተቀብሎ መብራቱን የሚያበራው ሞጁል በሌላው ላይ ከሆነ፣ ሲግናሉ አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ያለው ትራንስፎርመር ድረስ ሄዶ ነው የሚመለሰው፤ እስከዚያ ያልቃል። ለማረጋገጥ በ240 ቮልት የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም የልብስ ማድረቂያ አብሩና ትእዛዙን ድገሙ። አሁን ከሠራ፣ የምድጃው ወይም የማድረቂያው ማሞቂያ ሁለቱን መስመር አገናኝቶላችኋል ማለት ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ ከፕለር፣ ሲግናሉን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግር ዕቃ ነው።

ተራው ከፕለር ውስጡ ሲታይ በዋናነት ካፓሲተር ነው። 0.1 ማይክሮፋራድ ብንወስድ በ60 ኸርዝ 26,500 ኦም ገደማ ስለሚሆን ከ240 ቮልቱ የሚያሳልፈው 9 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፤ በ120 ኪሎኸርዝ ግን 13 ኦም ላይ ይወርዳል፣ ለሲግናሉ በሩ ክፍት ነው። ማድረቂያው ሶኬት ላይ የሚሰካ ዓይነት አለ፤ ስትገዙ ሶኬታችሁ ባለ 3 ይሁን ባለ 4 ቀዳዳ ተመልከቱ። ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባውን ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን በ240 ቮልት ድርብ ብሬከር ላይ ያስረው። ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንዳለበት ነው። ካፓሲተር ገዝቶ ራስ መሥራት ደግሞ ለእሳት በር መክፈት ነው።

ምድጃው በርቶም ለውጥ ከሌለ ሌባው ሌላ ነው። ያው ካፓሲተር በኮምፒውተር፣ በቴሌቪዥንና በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ዕቃ) መግቢያ ላይም ለጩኸት ማጣሪያ ይገጠማል። 0.47 ማይክሮፋራድ የሆነው በ120 ኪሎኸርዝ 3 ኦም እንኳ አይሞላም፤ ሲግናሉን ከሾርት ባልተናነሰ ይበላዋል። ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ ከማጥፊያው በፊት ስለሚቀመጥ ዕቃውን ማጥፋት ዋጋ የለውም፣ መንቀል ነው። ማጣሪያ ያለው ዲቫይደርም እንዲሁ ነው።

ፍለጋው በብሬከር ይሁን። የኮንትሮለሩንና የሞጁሉን ብቻ ትታችሁ ሌላውን ሁሉ አጥፉ። ከሠራ አንድ በአንድ እያበራችሁ ትእዛዝ ላኩ፤ ሥራው የቆመበት ብሬከር ላይ ያለውን ዕቃ ደግሞ አንድ በአንድ ንቀሉ። እነዚያን ሁለቱን ብቻ ትታችሁም ካልሠራ፣ እነሱው ላይ የተሰካውን ንቀሉ። ሲግናል የሚመጥጥ ዕቃ ጠፍቶም ይመጥጣል፤ የሚረብሽ ግን ሲበራ ብቻ ነው። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ሲበራ ሞጁሉ ደንቆሮ፣ ሲጠፋ ሰሚ ከሆነ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው፤ ቀይሩት።

ለተገኘው ዕቃ ፊልተር አድርጉለት፤ ፊልተሩ ግድግዳው ላይ፣ ዲቫይደሩ ፊልተሩ ላይ ይሰካ። 5 አምፔር የሚለው እስከ 600 ዋት ስለሆነ ለኮምፒውተርና ለቴሌቪዥን ይበቃል፣ ለማይክሮዌቭ አይሆንም። ኮንትሮለሩን ወይም ሞጁሉን ከፊልተሩ ኋላ ሰክቶ “ጨርሶ ሞተ” የሚል ሰው አይጠፋም፤ ፊልተሩ የተሠራው 120 ኪሎኸርዝን ለማገድ መሆኑን አትርሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቤቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ጫፍ ላይ ያለው ክፍል ካልሰማ፣ ያኔ ማጉያውን፣ ማለትም ሪፒተር ግዙ፤ ሁለቱንም መስመር የሚያገናኝ ከሆነ ተራውን ከፕለር ታወጡታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ኮንትሮለሩን ብሬከር ሳጥኑ አጠገብ፣ ሌላ ዕቃ በሌለበት ብሬከር ሥር ባለ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ገንዘብ አይጠይቅም።

እነዚህን የ120 ቮልት ሞጁሎች አገር ቤት ለዘመድ መላክ ያሰበ ካለ ይተወው፤ እዚያ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው።