ደብረ ብርሃን ውስጥ የተጠገነ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራ አንድ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን ላይ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ) ደብረ ብርሃን በሚገኘው የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ወራት ተቀምጦ ነበር፤ ሲበራ የፊት መብራቱ ይታያል እንጂ በስክሪኑ ላይ መስመር አይወጣም። ከሶኬት ነቅዬ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ከታገሥሁ በኋላ የ15 ቮልቱን የኃይል መስመር በመልቲሜትር ስለካው ንባቡ ከ1 ኦም በታች ሆነ፤ ሾርት ነበረ፣ ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ያልፍ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ዕድሜ ባሉ መሣሪያዎች ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የታንታለም ካፓሲተርን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ነው፤ ምክንያቱም የተለመደው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር እየደረቀ ቀስ በቀስ አቅሙን ሲያጣ፣ ታንታለሙ ግን ድንገት ሾርት ይሆናል። ከባቄላ ፍሬ የምታንስ አንዲት ካፓሲተር አግኝቼ፣ ብየዳዋን አቅልጬ አንድ እግሯን ከቦርዱ ስነቅል ሾርቱ ጠፋ።

መለዋወጫ ፍለጋ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መርካቶ ከመውረድ ይልቅ፣ ከተጣለ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ላይ 10 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት የሚችል ኤሌክትሮላይቲክ ነቀልሁ። የቀድሞዋ የምትችለው 20 ቮልት ብቻ ስለነበር የቮልቴጁ መብለጥ ጉዳት የለውም፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ማዛባት ግን ካፓሲተሩን ያፈነዳል። አናቱ ያበጠ አሮጌ ካፓሲተር ፈጽሞ አልጠቀምም፤ ያላበጠውንም ሳልለካ አልበይድም።

ማታ መሣሪያውን ሳበራው ቀጭኗ አረንጓዴ መስመር ወጣች፤ አሁን የቀሩኝ የዛጉት የማዞሪያ ስዊቾች ናቸው።